ጅብ ከሄደ በኋላ የሚሳል ካርታ

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከካሊፎርኒያ ድንበር አጠገብ፣ ከሪ የሚባል በደን የተሸፈነ ካውንቲ አለ። እዚያ የሚሠሩ የደን ባለሙያዎች ጅረት ውስጥ ወጥመድ ያኖራሉ። ጤነኛ የሮዶደንድሮን ወይም የታንኦክ ቅጠል ቀጥፈው በመረብ ከረጢት ይከታሉ፤ ከረጢቱን ዳር ላይ አስረው ውሃው ውስጥ ይለቁታል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ሲመለሱ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ያገላብጣሉ፤ የጠቆረ ጠባሳ ያለበትን ለይተው ወደ ላቦራቶሪ ይልኩታል። ውጤቱ "አለበት" ከሆነ፣ ከዚያ ጅረት በላይ ባለው ተፋሰስ ውስጥ የሆነ ቦታ ማንም ገና ያላየው የታመመ ዛፍ ቆሟል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በእግርም በሄሊኮፕተርም ፍለጋው ይጀመራል።

የሚፈለገው ተሕዋስ ፋይቶፍቶራ ራሞረም ይባላል፤ የሚያመጣው በሽታ ደግሞ ድንገተኛ የኦክ ሞት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው ማሪን ካውንቲ ታንኦክ የተባሉት ዛፎች በዝተው መሞት ጀመሩ። ቀጥሎ እውነተኞቹ ኦኮች ተከተሉ። መንስኤው በ2000 የተለየው በሁለት ተመራማሪዎች ነው፤ በዴቪስ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሪዞና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ማቴዮ ጋርቤሎቶ። ይኸው ተሕዋስ በጀርመንና በኔዘርላንድስ ከ1993 ጀምሮ በጌጥ ተክሎች ላይ ይታይ እንደነበረም ታወቀ። የትውልድ አገሩ የት እንደሆነ ለማወቅ ግን ሌላ ሃያ ዓመት ፈጀ፤ በ2021 የታተመ ጥናት ከቬትናምና ከጃፓን ደኖች ጋር አገናኘው።

ሲያዩት ሻጋታ ይመስላል፤ ሻጋታ ግን አይደለም። በዝምድና ይበልጥ የሚቀርበው ለባሕር አልጌ ሲሆን የቅርብ ዘመዱ ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው የድንች በሽታ ነው። ውሃ ይወዳል፤ ዝናባማ ጸደይ ሲመጣ ይፋፋል፤ ድርቅ ሲሆን አድፍጦ ይቆያል። እስከ ዛሬ የገደላቸው ዛፎች በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ።

ይህን በሽታ ለመረዳት ከሞቱት ዛፎች ይልቅ የማይሞተውን ማወቅ ይጠቅማል። በካሊፎርኒያ ጠረፋማ ደኖች ውስጥ ቤይ ሎሬል የሚባል ቅጠሉ የሚሸት ዛፍ አለ፤ ለወጥ ቤቱ የቤይ ቅጠል በዘር ይቀርባል። የዚህ ዛፍ ቅጠል ወደ ታች ሾጠጥ ያለ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ የመጨረሻዋ ጠብታ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ትቆያለች። ተሕዋሱ የሚገባው እዚያው ጋ ነው። ጫፉ ይጠቁርና ዳሩ ላይ ቢጫ ቀለበት ይሠራል። ዛፉን ከዚህ የባሰ ነገር አያገኘውም፤ ለምልሞ ይኖራል። ከዚያች ጥቁር ጫፍ ላይ ግን እጅግ ብዙ ስፖር (የመራቢያ ቅንጣት) ይመረትና ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ አጠገቡ ባለው ኦክ ግንድ ላይ ይረጫል። የኦኩ ነገር ሌላ ነው። ቅርፊቱ ሥር ይቆስልና የሥሩና የቅጠሉ መገናኛ ይቆረጣል፤ ከግንዱ ወደ ሌላ ዛፍ የሚተላለፍ ነገር ግን የለም ማለት ይቻላል። በአጭሩ ኦኩ ይሞታል እንጂ አያስተላልፍም፤ ቤይ ሎሬሉ ያስተላልፋል እንጂ አይሞትም። ዕድለ ቢሱ ታንኦክ ብቻ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ቀንበጡና ቅጠሉ ስፖር ያፈራል፣ ግንዱም ይሞታል።

እንግዲህ የዚህን በሽታ ካርታ እንሳል ብንል ምን ላይ ነጥብ እናስቀምጣለን?

ቀላሉና የተለመደው መልስ የሞተው ዛፍ ላይ ነው። በበጋ አውሮፕላን ይነሣል፤ በአረንጓዴው ደን መሐል ቡናማ የሆኑትን አናቶች ባለሙያው ከላይ እያየ በካርታ ላይ ያሰፍራል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ለብዙ ዓመታት የሠራበት ዘዴ ነው፤ ሰፊ መሬት በአጭር ጊዜ ያዳርሳል፤ ጥቅሙን የሚክድ የለም። ጉዳቱ የጊዜ ነው። ኦክ የሚሞተው በታመመበት ሳምንት አይደለም። "ድንገተኛ" ያሰኘው ቅጠሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መለወጡ እንጂ በሽታው ከግንዱ ከገባ ወራት፣ ብዙ ጊዜም ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአውሮፕላን ሲታይ ዛፉ ጤነኛ ነው። ቀርቦ ላየው ሰው ግን ቀዳዳም ስንጥቅም ከሌለው ቅርፊት ላይ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ ቢያደርጉት ሥሩ ያለው ሕያው ክፍል ቡናማ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ በጥቁር መስመር ተከቦ ይገኛል። አናቱ በጠወለገበት በጋ ካርታው ላይ ነጥብ ሲያርፍ፣ ስፖሩ ያንን ሸለቆ ለቅቆ ወደ ሚቀጥለው ከተሻገረ ቆይቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በሽታ ካነበብኩት ሁሉ የሚያስቆጨኝ የካርታው መዘግየት ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡም ካርታውን ተከትሎ መዘግየቱ ነው። የሞተ ዛፍ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ቤት ላይ ይጋደማል፣ ለእሳት ማገዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ይጮኻል፣ ምክር ቤቱም በጀት ይመድባል። ለአረንጓዴ ዛፍ ግን አቤቱታ የሚያቀርብ የለም። በሽታው ያልደረሰበት፣ ነገር ግን በሁለት ወይም በሦስት ዝናባማ ዓመት ውስጥ የሚደርስበት ሸለቆ ማንንም አያስጨንቅም።

በ2016 የካምብሪጅ፣ የዴቪስና የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ከባድ ጥናት አወጡ። የበሽታውን የስርጭት ታሪክ፣ የተጋላጭ ዛፎቹን አቀማመጥና የአየሩን ሁኔታ አንድ ላይ አድርገው በኮምፒውተር አስመሰሉት፤ ከዚያም "ምን ቢደረግ ይገታ ነበር?" ብለው ጠየቁ። መልሱ አያጽናናም። በካሊፎርኒያ ደረጃ ስርጭቱን መግታት አይቻልም፤ የማይቻል ከሆነም ዓመታት አልፈውታል። ይሁን እንጂ እስከ 2002 ድረስ የመከላከል ሥራው በሰፊው ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ከግዛቲቱ ትልልቅ ክፍሎች ተሕዋሱን ማስቀረት ይቻል ነበር። ያን ጊዜ የበሽታው ጠባይ በበቂ ሁኔታ ታውቆ ነበር። ወጪው እጅግ ከፍተኛ መሆኑን ተመራማሪዎቹ አልሸሸጉም፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ውጤቱን በእጅጉ ያሻሽለው ነበር ይላሉ። አንደኛው፣ በሽታው ከፍቶ የተቀመጠበትን ትቶ ግንባሩ ላይ፣ አዲስ ወደሚገባበት ጠርዝ መዝመት ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡን በየዓመቱ እኩል ከማንጠባጠብ ይልቅ መጀመሪያ ላይ በብዛት ማፍሰስ ነው። ሁለቱም ከየትኛውም መንግሥት የተለመደ የበጀት አሠራር ጋር ይጋጫሉ፤ በጀት የሚያድገው ችግሩ ሲያድግ ነውና።

ለግንባሩ ካርታ የሚሆን መረጃ አልነበረም ለማለትም አይቻልም። ተመራማሪው ሮስ ሜንቴሜየርና ባልደረቦቻቸው በ2004 ያሳተሙት የካሊፎርኒያ የሥጋት ካርታ የሞተውን አይቆጥርም። የትኛው ተክል የት እንዳለ፣ ዝናቡ ስንት እንደሆነ፣ ሙቀትና እርጥበቱ ለስፖሩ ይመች እንደሆነ ደራርቦ፣ በሽታው ገና ያልታየባቸውን የሰሜን ጠረፍ ደኖች ቀይ ቀለም ቀባቸው።

ኦሪገን ሌላ መንገድ ሞከረች፤ ለዚህም ክብር ይገባታል። በሽታው በ2001 ብሩኪንግስ ከተማ አካባቢ እንደተገኘ ግዛቲቱ 9 ካሬ ማይል የሚሆን መሬት በኳራንቲን አጠረች። የታመመው ዛፍ ብቻ አልነበረም የሚቆረጠው፤ በዙሪያው ያሉት ጤነኛ የሚመስሉ ታንኦኮችም ይቆረጣሉ፣ ተከምረው ይቃጠላሉ፤ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ መድኃኒት ይወጋል። በዙሪያው የሚጸዳው ስፋትም ከዓመት ዓመት ጨመረ፤ ምክንያቱም ስፖሩ ከተገመተው በላይ ሩቅ እየዘለለ አስቸገረ። ያም ሆኖ በ2010 ግዛቲቱ "ሙሉ በሙሉ እናጠፋዋለን" የሚለውን ግብ ትታ "እናዘግየዋለን" ወደሚለው ተዛወረች። ዛፍ ታሞ እስኪታይ፣ ከታየ በኋላ ላቦራቶሪው እስኪያረጋግጥ፣ ከዚያ ደግሞ ከባለመሬቱ ጋር ተስማምቶ፣ ገንዘብ ተፈልጎ መጋዙ እስኪደርስ አንድ የዝናብ ወቅት ካመለጠ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። የኳራንቲኑ ክልል በ2015 ከ500 ካሬ ማይል በላይ ሆኖ ነበር።

አንዳንዶች ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። አልስማማም። ማዘግየት ማለት ለሰሜኑ ደን፣ ለእንጨት ሠራተኛውና ለችግኝ ነጋዴው ዓመታት መግዛት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ መፍትሔ ሊገኝ ይችላል። የኦሪገን ድካም የሚያሳየው ግን ትጋት ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ጥቃት የመጣው ከጎረቤት ሸለቆ አልነበረም። በ2015 እዚያው ከሪ ካውንቲ ውስጥ አንድ ታንኦክ ላይ የተገኘው ዝርያ እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ ደን ውስጥ ያልታየው የአውሮፓው ነበር፤ የዘር ምርመራው ጣቱን ወደ ችግኝ ንግድ ቀሰረ። በ2021 ደግሞ ከኳራንቲኑ ክልል ውጭ፣ ወደ ሰሜን በፖርት ኦርፎርድ አቅራቢያ፣ ሦስተኛ ዝርያ ተገኘ። የአውሮፓውና የአሜሪካው ዝርያ ተቃራኒ ጾታ እንደማለት ናቸው፤ በአንድ ደን ውስጥ ተገናኝተው ቢዳቀሉ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚወለድ ማሰቡ ራሱ የዘርፉን ሰዎች እንቅልፍ ይነሳል።

የችግኝ ጣቢያው ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በዝናብና በንፋስ የሚሄድ ስፖር አብዛኛውን ጊዜ የሚሻገረው ሜትሮችን፣ አልፎ አልፎም ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ነው። በጭነት መኪና የሚሄድ ችግኝ ግን በሦስት ቀን አህጉር ያቋርጣል። በ2004 በደቡብ ካሊፎርኒያ ከሚገኝ አንድ ትልቅ ችግኝ ጣቢያ የተላኩ ካሜሊያዎች ተሕዋሱን ይዘው በብዙ ግዛቶች ተበትነው ተገኙ፤ በ2019 ደግሞ የታመሙ ሮዶደንድሮኖች መካከለኛው ምዕራብ ደረሱ። በደን ካርታ ላይ ይህ አይታይም። ስለዚህ የበሽታው ግማሽ ካርታ ያለው ተራራው ላይ ሳይሆን በነጋዴው ደረሰኝ ውስጥ ነው፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ሸጠ የሚለው ሰነድ እንደ ዛፉ ቁስል ሊመረመር ይገባዋል። በብሪታንያም በ2009 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የጃፓን ላርች ዛፎች በዚሁ ተሕዋስ ታመው ተገኝተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ እዚያም ቢሆን በሽታው መጀመሪያ የታየው በችግኝ ጣቢያና በአትክልት ስፍራ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠኝ የጋርቤሎቶ ላቦራቶሪ ከ2008 ጀምሮ በየጸደዩ የሚያካሂደው የበጎ ፈቃደኞች ዘመቻ ነው። ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ ውሻውን የሚያንሸራሽረው ሰው ሁሉ አጭር ሥልጠና ወስዶ ወደየሠፈሩ ኮረብታ ይወጣል። የሚፈልገው የሞተ ኦክ አይደለም፤ ጫፉ የጠቆረ የቤይ ሎሬል ቅጠል ነው። ቀጥፎ በፖስታ ይከታል፣ የተገኘበትን ቦታ ይመዘግባል፣ ላቦራቶሪው ይመረምራል፤ ውጤቱ በካርታ ይወጣል፤ ከካርታው ጋር የተያያዘው የስልክ መተግበሪያም አንድ ሰው ከቆመበት ዛፍ ሥር ሆኖ የአካባቢውን ሥጋት እንዲያውቅ ይረዳዋል። በ2015 የታተመ ጥናት የእነዚህን ሰዎች መረጃ ከባለሙያዎቹ ጋር አነጻጽሮ በጎ ፈቃደኞቹ ከባለሙያ እንደማያንሱ፣ የእነሱ መረጃ ሲጨመርበት ደግሞ የሥጋት ትንበያው እንደሚሻሻል አሳየ። በኦክላንድ፣ በበርክሌይና በሳን ሆዜ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቅዳሜና እሑድ የሚወጡባቸው ኮረብቶች የዚሁ ደን አካል ናቸው፤ ለመሳተፍ የዕፅዋት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ዘመቻ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር "አልተገኘበትም" የሚለው ውጤትም መመዝገቡ ነው። ባዶ ቦታና ተመርምሮ ነጻ የተባለ ቦታ በተራ ካርታ ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ናቸው። ለሚወስን ሰው ግን ሰማይና ምድር ናቸው፤ ግንባሩ የት እንደሆነ የሚያሳየው "አለ" እና "የለም" ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ ነው።

ዛፍ በግቢው ያለ ሰው የሚያደርገው ነገርም ከዚሁ ይወጣል። የሚወደው ኦክ አጠገብ፣ አሥር ሜትር ባልሞላ ርቀት፣ ቤይ ሎሬል ካለ መቁረጥ ይረዳዋል። ፎስፎኔት የተባለው መድኃኒት ግንዱ ላይ ተወግቶ ወይም ቅርፊቱ ላይ ተረጭቶ የዛፉን መከላከያ ያጠናክራል፤ ሆኖም የሚሠራው ከመታመሙ በፊት ነው፣ የታመመውን አያድንም። ጫማን፣ ጎማንና መጋዝን ከጭቃ ማጽዳት፣ ማገዶ ከቦታ ቦታ አለማዘዋወር የተለመደው ምክር ነው።

የሚጠፋው ነገር እንጨት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያሳዝንም ነበር። የካሩክ፣ የዩሮክ፣ የሁፓና የካሻያ ፖሞ ሕዝቦች ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት ጀምሮ የታንኦክን ፍሬ ወቅጠው፣ ምሬቱን በውሃ አጥበው ሲመገቡ ኖረዋል፤ ከኦክ ፍሬዎች ሁሉ ይህን የሚያስበልጡም አሉ። ዛፉ ሲሞት ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ለጋው ቅርንጫፍ ግን ፍሬ ለማፍራት ከመድረሱ በፊት እንደገና ይታመማል። ደኑ በካርታ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል፤ ምግቡ ግን የለም። ቢግ ሰር በሚባለው ጠረፍ ደግሞ የ2008ቱ ሰደድ እሳት ካለፈ በኋላ የተደረገ ጥናት፣ በሽታው በነበረበት ቦታ እሳት የመቋቋም ችሎታቸው የታወቀው ሬድውዶች ሳይቀሩ ይበልጥ እንደሞቱ አሳይቷል።

ይህን ታሪክ ከአገራችን ጋር አያይዤ የማነበው በምክንያት ነው። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 ስለ እንሰት አጠውልግ ካሳተሙ ወዲህ በሽታው ከጓሮ ጓሮ የሚሄድበት አንዱ ዋና መንገድ የታመመውን ተክል የቆረጠ ቢላ እንደሆነ ይታወቃል፤ ቢላውን በእሳት አለብልቦ ወደ ሚቀጥለው መሄድ ከኦሪገኑ መጋዝ ማጽዳት የማይለይ ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የቡናው ታሪክ አለ። በኬንያ በ1922 የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ፣ ገበሬው ዛሬ ሲቢዲ የሚለው፣ በ1971 ኢትዮጵያ ደረሰ፤ የደቡብ ምዕራብን ቡና አረገፈው። የጅማ ተመራማሪዎች ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ከዚህ ሁሉ ጎልቶ ይታየኛል፤ በሽታው ክፉኛ ወደመታቸው የደን ቡናዎች ገብተው ፍሬያቸው ያልተነካ ዛፎችን ፈለጉ። ከእነዚያ እናት ዛፎች ተመርጠው፣ ተፈትነው የወጡት ዝርያዎች እስከ ዛሬ በቁጥራቸው ይጠራሉ፤ 74110፣ 74112፣ 74158። በሽታው የበረታበት ቦታ በእነሱ እጅ የተረፉትን መፈለጊያ ካርታ ሆነ።

ለታንኦክም እንዲህ ያለ ፍለጋ ተጀምሯል። የካሊፎርኒያና የኦሪገን ተመራማሪዎች ከተለያየ ቦታ ፍሬ ሰብስበው ችግኝ አፍልተው በላቦራቶሪ ሲፈትኑ፣ ዛፎቹ በመቋቋም አቅማቸው አንድ እንዳልሆኑ አይተዋል። እዚህ ላይ የማዘግየቱ ሥራና የፍለጋው ሥራ ይጋጫሉ። በታመመው ዙሪያ ያለውን ታንኦክ ሁሉ የሚቆርጠው መጋዝ፣ ምናልባት የሚቋቋመውንም አብሮ ይቆርጣል። መጋዙ ይቁም አልልም፤ ግንባሩ ላይ ሌላ መሣሪያ የለም። ነገር ግን መጋዝ የያዘው ቡድን ከመግባቱ በፊት ሌላ ቡድን ገብቶ በታመሙት መሐል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ይመዝግብ፣ ፍሬያቸውን ይልቀም፤ ወጪውም ከመቁረጫው ጋር በአንድ በጀት ይያዝ።